አሥራ ሁለተኛዋ ቪዮላ

ኩኒዬዳ ሺዙን የሚወዳት ሰው ጥቂት ነበር፤ እርሷም ለመወደድ ብላ የማንንም ደጅ አልጠናችም። በዮካይቺ ከተማ ኦርኬስትራ ውስጥ ከጦርነቱ ማግስት ጀምሮ ሠላሳ አንድ ዓመት ቪዮላ፣ ከቫዮሊን ጥቂት የሚተልቀውን ባለ አውታር መሣሪያ፣ ተጫውታለች። ከዚያ ውስጥ ሃያ ስድስቱን ያሳለፈችው በመጨረሻው ረድፍ ጥግ፣ ታዳሚው ከጫማዋ ጫፍ በቀር በማያይባት በአሥራ ሁለተኛው ወንበር ላይ ነው። ባልደረቦቿ «ሚዛን» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ለሙገሳ አልነበረም። ሚዛንን የሚጠላው ያው አጉድሎ የሚሸጥ ነው፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፣ ሚዛን አቅፎ የሚተኛም የለም።

የተወለደችው ከዮካይቺ በባቡር ግማሽ ሰዓት በምትርቀው በሺሮኮ ነው። አባቷ ወረቀት በሺ ነበር። የአገሩ ባህላዊ ልብስ የኪሞኖ ጨርቅ ቀለም የሚጠጣው በተበሳ ወረቀት በኩል ነውና፣ እርሱ ከማለዳ እስከ ምሽት አጎንብሶ፣ በዛፍ ፍሬ ጭማቂ የጠነከረውን ወረቀት በቀጭን ስለት ሲወጋ ይውላል፤ በጥፍር ስፋት ላይ ሃያ ቀዳዳ ያሰፍራል። ሺዙ ዘጠኝ ዓመት በሞላት ጊዜ አሥራ ስምንት ቀን የተደከመበት ወረቀት አለቀ። አባቷ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተውና ከምድጃው ከተተው። እናቷ ጮኸች።

«ኧረ አንዲት ነጥብ ብትጎድል ማን ያያታል?»

«ጨርቁ ያያታል» አለ አባቷ። «ወረቀቱ በጨርቁ ላይ መቶ ጊዜ ይጋደማል። አንዲቱ ጉድለት መቶ ትሆናለች።»

በዚያ ወር ቤቱ ውስጥ በሩዝ ፈንታ ገብስ ተበላ። ልጅቱ ለአባቷ አላዘነችለትም፤ ለእናቷም አላዘነችላትም። ትክክሉ አባቷ እንደ ነበር ግን አወቀች፤ ትክክል መሆን ገብስ እንደሚያስበላም በዚያው አወቀች።

እንዲህ ያለ ሰው ሰማንያ ሰው አብሮ በሚተነፍስበት ኦርኬስትራ ውስጥ ሲገባ ሰላም አይገኝም። የኖታ ክፍሉ ኃላፊ በየሰኞው ከእርሷ ዘንድ ዝርዝር ይደርሰው ነበር፦ በዚህ ገጽ ይህ ምልክት ጎድሏል፣ በዚያ ገጽ ያ ኖታ ተዛብቷል። ኃላፊው ዝርዝሩን በአንድ መሳቢያ ያከማቸዋል፤ መሳቢያውን ግን አይከፍተውም። አንድ ጊዜ ስመ ጥር የፒያኖ ተጫዋች ከኦሳካ መጥቶ፣ ከትርኢቱ በኋላ ሙዚቀኞቹን እየዞረ ሲያመሰግን፣ እርሷ ዘንድ ሲደርስ «በሦስተኛው ክፍል ሁለት መስመር ዘለዋል» አለችው። ሰውዬው ዳግመኛ ዮካይቺን አልረገጠም። በቤቷ ካስተማረቻቸው አሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች ትምህርቱን የጨረሱት ሦስት ናቸው፤ ከሦስቱም አንዷ በሠርጓ ቀን እንኳ አልጠራቻትም።

በኦርኬስትራው በሠላሳ አንደኛው ዓመቷ፣ ኅዳር ላይ፣ «ጭጋግ» የተባለ የሙዚቃ ድርሰት መጣ።

የሥራው ደራሲ ኢሳያማ ሬንጂ ይባላል፦ የአርባ አንድ ዓመት ሰው፣ በፓሪስ የተማረ፣ በጋም ክረምትም አንገቱን የሚሸፍን ጥቁር ሹራብ የማይለየው፣ ጋዜጦች ስሙን ሲያነሡ «አስደንጋጭ» ከማለት ውጭ ሌላ ቃል የጠፋባቸው። የ«ጭጋግ» እምብርት በመካከሉ ያለው ክፍል ነው። ኦርኬስትራው በሙሉ ዝም ይላል፤ መሪው እጁን ያወርዳል፤ ለዚሁ ሲባል በመድረኩ ፊት በግማሽ ክብ የተቀመጡት አሥራ ሁለቱ ቪዮላዎች ብቻቸውን ይቀራሉ። እያንዳንዱ የየራሱን ገጾች፣ ምት የሚሰጠው ሳይኖር፣ በራሱ ቆጠራ ይጫወታል። ገጾቹን የጨረሰ ደጋኑን ከአውታሩ አንሥቶ ዝም ይላል። አሥራ ሁለቱም ዝም ሲሉ ደወል አንድ ጊዜ ይመታና ኦርኬስትራው ይቀጥላል። ደራሲው እንደ ጻፈው ይህ ሁሉ አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ይፈጃል።

ገጾቹን ያየ ሁሉ ዓይኑን አሸ። ኖታዎቹ ስኳር ላይ እንደ ሰፈረ ጉንዳን ላይ በላይ ተነባብረው ነበር፤ ብዙዎቹም ጣት ሲደርስበት ቪዮላ ከሚጮህበት ከመጨረሻው ከፍታ ላይ።

የቪዮላዎቹ አለቃ ኑኖሜ ሆደ ሰፊ፣ ቀልደ ፈጣን፣ እጀ ሰነፍ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ልምምድ ገጹን ገልብጦም ዘቅዝቆም ካየ በኋላ ወደ ባልደረቦቹ ዞረ።

«ኢሳያማ ሰንሰይ ከቶኪዮ ድረስ ጭጋግ ጭነው መጡልን» አለ፤ ሰንሰይ፣ መምህር ማለቱ ነው። «የከተማችን የፋብሪካ ጭስ አንሶን ኖሯል!»

ሁሉም ሳቁ። ከሺዙ አጠገብ በአሥራ አንደኛው ወንበር የምትቀመጠው ቶዳካ ግን ገጹን በጭንቀት እያየች ነበር።

«እና ምን ይሻላል ኑኖሜ ሳን? ይህን እኮ በስድስት ወርም አልወጣውም።»

«ምን ይሻላል? ፍተጋ ነዋ! በጭጋግ ውስጥ ማን ማንን ያያል? ደጋኑን ማመላለስ፣ ጣትን ወዲያ ወዲህ ማራወጥ፣ ፊትን ኮስተር ማድረግ። የቶኪዮዎቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ እዚያ ይጫወታል። ደራሲው በደስታ አለቀሰ አሉ።»

ፍተጋ በሙዚቀኞች ዘንድ አዲስ ኃጢአት አይደለም። ደራሲ እጅ የማይደርስበትን ይጽፋል፤ ተጫዋች የደረሰ ይመስላል፤ ታዳሚ የሰማ ይመስላል። በዚህ ውል ብዙ ዘመናዊ ሥራዎች ተጨብጭቦላቸዋል። ሺዙ ውሉን ታውቀዋለች፤ ፈርማበት ግን አታውቅም። ገጾቿን አጥፋ ከቦርሳዋ ከተተችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ከእነዚያ ገጾች ጋር ታገለች። ድርሻዋን በሃምሳ ሁለት ቁራጭ ከፋፍላ በቀን ሦስት ቁራጭ ታነሣለች፤ አሥር ጊዜ ያለ ስሕተት ያልወጣ ቁራጭ ለነገው ይተላለፋል። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቷ በሩን አንኳኳች።

«ድመትዎ ታማለች እንዴ?»

«ድመት የለኝም» አለችና በሩን ዘጋች።

በልምምዱ ላይ እነሆ አሥራ አንዱ ሲፈትጉ እርሷ ትጫወታለች። የሌሎቹ ድርሻ ፊት ለፊት በተዘረጉ ሁለት ገጾች ላይ ያበቃል፤ የእርሷ ብቻ ረዝሞ ወደ ሦስተኛ ገጽ ስለሚሻገር፣ በመካከሉ አንድ ጊዜ መግለጥ ነበረባት። ስትገልጥ፣ ደግሞም ስትጨርስና ደጋኗን ስታነሣ፣ የሌሎቹ ዓይን በጥግ በጥጉ ወደ እርሷ እንደሚሰረቅ ከመጀመሪያው ቀን አስተዋለች። ንቀት ነው አለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደችው ነገር ስለ ሆነ አልደነቃትም።

«ሺዙ ሳን፣ እንደ ሰው ቢፈትጉ ምናለበት?» አለቻት ቶዳካ በዕረፍት ሰዓት። «ማን ይሰማዎታል ብለው ነው?»

«አንቺ ሰምተሽ አይደል የምትጠይቂኝ?»

ቶዳካ ቀላች፤ ከዚያ ወዲያ አላናገረቻትም።

ትርኢቱ እሑድ ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት፣ በሬዲዮ በቀጥታ የሚተላለፍ ነበር። ኢሳያማ ከቶኪዮ የገባው በዚያው ዕለት ማለዳ ነው። ለመጨረሻው ልምምድ አዳራሹ መሐል ብቻውን ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። መሪው ሆሪካዋ፣ በሰው ፊት ከደራሲ ጋር ተከራክሮ የማያውቅ ለስላሳ ሽማግሌ፣ ቪዮላዎቹ ዘንድ ሲደርስ እጁን አወረደ። አንድ ደቂቃ አልሞላም።

«አቁሙ!» ብሎ ኢሳያማ ከወንበሩ ተነሣ። «አንድ ሰው እየተጫወተ ነው!»

ሆሪካዋ ግራ ገባው። «አሥራ ሁለቱም እየተጫወቱ ነው፣ ሰንሰይ።»

«አይደለም! አንድ ሰው ኖታውን እየተጫወተ ነው!»

ወደ መድረኩ ወጥቶ ከኑኖሜ ጀምሮ አንድ በአንድ ፈተናቸው። ኑኖሜ ፈተገ። «ይሁን» አለ ኢሳያማ። ሁለተኛው ፈተገ፣ ሦስተኛው ፈተገ። «ይሁን፤ ይሁን።» ቶዳካ እየተንቀጠቀጠች ፈተገች። «ግሩም፤ መንቀጥቀጡን አትተዪው።» ሺዙ ቪዮላዋን አነሣች፤ የመጀመሪያውን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንዲት ኖታ ሳትስት ተጫወተች።

«ይኸው!» አለ ኢሳያማ ጣቱን ቀስሮ። «በሐር ውስጥ የቀረች መርፌ!»

«ስሕተት ካለበት ያሳዩኝ፤ አርመዋለሁ» አለች ሺዙ።

«ስሕተትማ ቢኖርበት ምናለ! ስሕተት አለመኖሩ ነው ስሕተቱ! በቶኪዮ ጭጋግ ነበር፤ እዚህ ግን በጭጋጉ መሐል ምሰሶ ቆሟል። ዓይን ከምሰሶው ሌላ ምን ያያል?»

«ቶኪዮዎቹ የተጫወቱት የተጻፈውን አልነበረም።»

ኑኖሜ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሙያተኛው ሁሉ የሚያውቀውንና ማንም አፍ አውጥቶ የማይናገረውን ነገር ከመድረክ ተናግራዋለች። ኢሳያማ ፊቱ ነጣ።

«ስሚ፣ አንቺ ሴትዮ» አለ ዝግ ብሎ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። የምፈልገውን አውቃለሁ። እንደ ሌሎቹ ፈትጊ።»

«እርስዎ የጻፉትን እጫወታለሁ። ሌላ ከፈለጉ ሌላ ይጻፉልኝ።»

«እንቢ ነው የምትይው?»

«እንቢ አላልኩም። ይጻፉልኝ ነው ያልኩት፤ እጫወተዋለሁ።»

ስድስት ሰዓት ደወለ። በሠራተኛ ማኅበሩ ደንብ ልምምድ ከስድስት ሰዓት አንዲት ደቂቃ አያልፍም፤ ሙዚቀኞቹ ለምሳ እንደ ተጠራ ቤተሰብ ተነሡ። ኢሳያማ የሺዙን ገጾች ከማቆሚያው ነጥቆ ወረደ።

ሺዙ በሙዚቃ መሣሪያ ማስቀመጫው ክፍል ብቻዋን ተቀምጣ በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዟን ከፈተች። ኑኖሜ ተከትሏት ገባ። ቀልዱን ከደጅ ትቶት ነበር።

«ሺዙ ሳን፣ መጋቢት ሩቅ አይደለም።»

ምን ማለቱ እንደ ሆነ ታውቃለች። ሃምሳ አምስት ዓመት ያለፈው ተጫዋች ወንበሩ የሚታደስለት በየዓመቱ መጋቢት፣ በክፍሉ ባልደረቦች ድምፅ ነው። እርሷ ሃምሳ ሰባት ሞልቷታል። ጡረታ እስክትወጣ ሦስት መጋቢት ቀርቷታል፤ በሦስቱም ወንበሯ ያለው በእነዚያ በአሥራ አንዱ እጅ ነው።

«አንድ እሑድ ይፈትጉ» አለ ኑኖሜ። «አራት ደቂቃ ነው። ያን ጊዜ እኔ ራሴ እናገርልዎታለሁ። አለዚያ ግን በሬዲዮ ያዋረደን ሰው እንዲቆይ እጁን የሚያነሣ እንዳይጠብቁ።»

«ማን ነው ያዋረዳችሁ?»

«እርስዎ ነዎት! ይህን ሁሉ ዓመት አጠገባችን ትክክል ሆነው እየተቀመጡ! መታከት የሚባል ነገር አያውቁም?»

ሺዙ ሩዟን አኘከች። መታከትን ታውቀዋለች፤ በተለይ የግራ እጇ ትንሿ ጣት ካለፈው ክረምት ጀምሮ በየማለዳው አልታዘዝ ብላታለች። ይህን ለማንም አልነገረችም። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጣቷ ሳይከዳት፣ የተጻፈውን እየተጫወተች፣ በዚያች ወንበር ላይ ሦስቱን ዓመት መጨረስ። ኑኖሜ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ማለቱ ነው። ወንበሯን ወይም የተጻፈውን።

ኑኖሜ ከወጣ በኋላ በቀጭኑ ግድግዳ በኩል ወረቀት ሲቀደድ ሰማች። ኢሳያማ በሚቀጥለው ክፍል ለእርሷ አዲስ ድርሻ እየጻፈ ነበር። ጻፈ፣ ቀደደ። ጻፈ፣ ቀደደ። አራት ጊዜ ቆጠረች። ከዚያም ለሆሪካዋ ሲጮህ ሰማችው፦

«ምን ብጽፍ ትጫወተዋለች እኮ! የተዝረከረከ ብጽፍ የተዝረከረከውን በልኩ ትጫወተዋለች! ምን ዓይነት መቅሠፍት ነው!»

ትርኢቱ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ኢሳያማ ራሱ መጥቶ ገጾቹን እግሯ ሥር ወረወረላት። ከዳር እስከ ዳር በቀይ እርሳስ ሰርዟቸዋል። በላዩ እንዲህ ተጽፏል፦ «ዝምታ። ደጋን ከጉልበት አይነሣም። ገጽ አይገለጥም። ሰውነት አይነቃነቅም፤ ደወሉ እስኪመታ ድረስ።»

«ይህንስ ትችዪዋለሽ?» አላት።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ግልጽ ነው» አለች።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሺዙ በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከእግር እስከ ራስ በታዳሚ ፊት ተቀመጠች፤ ቪዮላዋ ጭኗ ላይ፣ ደጋኗ ጉልበቷ ላይ። ኢሳያማ ፊተኛው ረድፍ መሐል ነበር። ሆሪካዋ እጁን አወረደ፤ አሥራ አንዱ መፈተግ ጀመሩ።

ሺዙ ቆጠረች። ዝምታም የተጻፈ ነገር ነው፤ እንደ ማንኛውም ኖታ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። በልቧ ሃምሳ ሁለቱን ቁራጮች በቅደም ተከተል አሳለፈች። ገጽ የምትገልጥበት ቦታ ሲደርስ እጇ አልተንቀሳቀሰም። በዚያች ቅጽበት ግን አሥራ አንድ ጥንድ ዓይን ወደ እርሷ ሲሰረቅ አየች። ዓይኖቹም እንደ ወትሮው ወዲያው አልተመለሱም።

አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ሞላ። በልቧ ደጋኗን አነሣች። አንድም ሰው አላቆመም።

ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። ከአሥራ አንዱ የቆጠረ አልነበረም። በልምምዱ ሳምንት ሁሉ የት እንደ ደረሱ የሚያውቁት በእርሷ ገጽ መግለጥ፣ መጨረሻውን የሚያውቁት በእርሷ ደጋን ነበር። ንቀት ያለችው ያ የጥግ እይታ ሰዓት የሚያይ ሰው እይታ ኖሯል። አሁን ሰዓቱ ቆመ። ቀድሞ የሚያቆም ሰው በሬዲዮ፣ በመላው አገር ፊት፣ ብቻውን ስቶ እንደሚሰማ ሁሉም ስለሚያውቅ ቀዳሚ ለመሆን የደፈረ የለም።

አምስት ደቂቃ። ስድስት። ኑኖሜ ላቡ በአገጩ ላይ እየተንጠባጠበ ከግማሽ ክቡ ማዶ በታፈነ ድምፅ ጠራት።

«ሺዙ ሳን! የት ነን?»

ዝም።

«እባክዎ! ጣትዎን ብቻ!»

አንዲት ጣት ትበቃ ነበር። ጣቷን ብታነሣ አሥራ አንዱ እንደ ወፍ መንጋ ባንድነት ያርፉ ነበር፤ መጋቢትም ላይ አሥራ አንዱ ያስቡላት ነበር። «ሰውነት አይነቃነቅም» ይላል ወረቀቱ። አልተነቃነቀችም። ለግዴታ ብላ ብቻ ግን አልነበረም፤ ይህን መሸፈን አይገባም። ደስ ብሏት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ያጠራቀመችው ነገር ሁሉ ደረቷ ውስጥ እንደ ሞቀ ድንጋይ ተቀምጦ ሲሰምጡ አየቻቸው።

ሆሪካዋ በስምንተኛው ደቂቃ ሊያስቆማቸው እጁን በከፊል አነሣ። ኢሳያማ ከፊተኛው ረድፍ መዳፉን ዘርግቶ አገደው፤ ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ ነበር። ከቶኪዮው የበለጠ ጭጋግ፣ ማለቂያ የሌለው ጭጋግ፣ አንዲት ምሰሶ የሌለበት። ሆሪካዋ በትከሻው በኩል አይቶት እጁን መለሰ።

በዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ክንዶች መዛል ጀመሩ። ያን ጊዜ ሺዙ ከግማሽ ክቡ ማዶ፣ ከፍተጋው መሐል፣ አንድ ነገር ሰማች። አምስት ኖታ ነበር፤ ዘገምተኛ፣ ቆርፋዳ፣ ግን ኖታ። የኑኖሜ የመጀመሪያ መስመር ነበረ። ሰውዬው ሌላ መውጫ ሲያጣ፣ መጨረሻ ያለው ነገር ፊቱ ያለው ገጽ ብቻ መሆኑን ተረድቶ ማንበብ ጀምሯል። ብዙ ሳይቆይ አጠገቧ ቶዳካ ከመጀመሪያው መስመር ተነሣች። ከዚያ ስድስተኛው፤ ከዚያ አራተኛው። እየተደናቀፉ፣ እየዘለሉ፣ ከንፈራቸውን እየነከሱ አነበቡ። ጭጋጉ መሳሳት ጀመረ፤ በውስጡ የነበረው ነገር፣ ማንም ሰምቶት የማያውቀው ደረቅና ሹል አጥንት፣ ብቅ አለ።

የኢሳያማ እንባ ደረቀ። በወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ፊቱን አጨማደደ።

የተመደበው ጊዜ ስላለቀ፣ በሬዲዮ ክፍሉ መስታወት ጀርባ ያለው ሰው የመጨረሻ ምልክት አሳየና ማሠራጫውን ዘጋ፤ የአገሩ አድማጭ የቀረውን ትቶ ለዓሣ አጥማጆች የሚነገረውን የባሕር ትንበያ ሰማ። በመድረኩ ላይ ግን አንዱ ጨርሶ ደጋኑን አነሣ። ሁለተኛው ጨረሰ። ቶዳካ እያለቀሰች ጨረሰች። የመጨረሻው ኑኖሜ ነበር። ደወል መቺው መዶሻውን መሬት አስቀምጦ ስለ ነበር ለማንሣት ጊዜ ወሰደበት፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ በአዳራሹ የኑኖሜ ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር። ደወሉ ተመታ። አሥራ አራት ደቂቃ ሆኖ ነበር።

ከመድረኩ ጀርባ በጠባቡ መተላለፊያ ኢሳያማ ጠበቃቸው።

«እስከ ዘጠነኛው ደቂቃ ድረስ ሞቼ ተነሥቼ ነበር!» አለ እየጮኸ። «ከዚያ በኋላ ያ ምን ነበር? ያ የሚያንቋርረው፣ ያ ደረቅ ነገር! ማን ነው የጀመረው? ከየት አመጣችሁት?»

ሺዙ ከኑኖሜ እጅ ገጹን ወስዳ ዘረጋችለት።

«ከዚህ ነው፣ ሰንሰይ። የእጅ ጽሑፉ የእርስዎ ነው። ኑኖሜ ሳን በሦስተኛው መስመር ሁለት ኖታ ስቷል፤ ከሞላ ጎደል የቀረው ልክ ነው።»

ሰው በሰፈረው ቁና መሰፈሩ አይቀርም፤ ቁናውን ራሱ ጠርቦት ሲሆን ግን ሕመሙ ይበረታል። ኢሳያማ ገጹን አየ፤ እርሷን አየ። ኮቱን አንጠልጥሎ ወጣ፤ ለታዳሚው እጅ ለመንሣት እንኳ አልተመለሰም።

ኑኖሜ ግን አልለቀቃትም።

«ስንሰምጥ ቁጭ ብለው አዩን!»

ሺዙ ቀይ እርሳስ ያለበትን ወረቀት አሳየችው። «አትነቃነቂ ይላል።»

«እሱ ይላል! እሱ! አብረን ሠላሳ ዓመት በልተናል፤ እኛስ ምን እንላለን?»

ቪዮላዋን ከሳጥኗ አስገባች።

መጋቢት መጣ። አሥራ አንዱ በመሣሪያ ክፍሉ ውስጥ ተሰብስበው፣ ትቆይ የሚል ክብ፣ ትሂድ የሚል መስቀል፣ በየወረቀቱ እየሠሩ በባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጣሉ። ደንቡ ድምፅ የሚሰጥበትም ሰው ይገኝ ስለሚል ሺዙ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ከ«እንዴት አደሩ» በቀር ያነጋገራት አልነበረም። የቆጠረችው ቶዳካ ናት፤ ወረቀቶቹን ወዲያ ወዲህ በፍጥነት ከፋፈለቻቸው።

«ሰባት ክብ፣ አራት መስቀል» አለች። «ይቆያሉ።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ትንፋሹን ለቀቀ፤ ከደስታም ከንዴትም። አንዱ ወንበሩን ወደ ኋላ ሊስብ ተነሣ።

«ይቆጠር እንደገና» አለች ሺዙ።

ኑኖሜ ዞረ። «ምን አሉ?»

«ሦስተኛው ወረቀት መስቀል ነበረበት። ከክቦቹ ጋር ነው ያስቀመጠችው።»

«አልፈዋል እኮ! ሰባት ነው!»

«ሰባት አይደለም።»

«ሴትዮ፣ ጤና የለዎትም እንዴ?» አለ ኑኖሜ። «የመሰናበቻዎን ወረቀት በገዛ እጅዎ ነው የሚፈልጉት? ሌላም ያሳሳተችው ቢኖርስ? ስድስት መስቀል ቢወጣስ?»

«ስድስት ከሆነ ስድስት ይባል።»

ቶዳካ ፊቷ እንደ ፍም ቀልቶ ወረቀቶቹን እንደገና ዘረጋች። በዚህ ጊዜ አንድ በአንድ፣ ጮክ ብላ፣ እያንዳንዱን ከፍ አድርጋ እያሳየች ቆጠረች። ሺዙ ከበሩ ሳትነቃነቅ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራ ቆጠረች። ስድስት ክብ ወጣ፤ አምስት መስቀል።

«አሁን ልክ ነው» አለች። ቪዮላዋን አውጥታ አሥራ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠችና አውታሯን መቃኘት ጀመረች።

ክብ ከሠሩት ከስድስቱ አንዱ፣ ሦስተኛ ቆጠራ ቢጠራ ኖሮ መስቀል አደርገው ነበር ብሎ እየማለ ወጣ።